አስተያየት የሚለው ዓምድ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ቆርቆሮ ቤት ሳለን፣
አንድ ፍሪጅ ነበረን፣ አንድ ሚዛን ነበረን፣
አንድ ፋይል ነበረን።
እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ቁልፉ በወለቀ፣
መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጥኩት ሥራ
ከጨለማው ጋራ አብሮ እየጠለቀ።

በረድፉ አጥማጆች፣ በዓምዱ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣
ኪሎው ከነሣንቲሙ፣ አንዳች ሳይረሳ።
በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ማንም ተንሸራትቶ የማይደርስበት ሥፍራ፣
«አስተያየት» የሚል ዓምድ ነበረ፤ የማወራበት ከራሴ ጋራ፦

«የአለኸኝን መረብ ጉማሬ ቀዶታል፤ ቅድሚያ ይከፈለው።»
«የፈንታሁን ሚስት ወልዳለች፤ ዕዳው ይቆየው።»
«ይህ ሰው ሚዛን ሲያይ ዓይኑ ይርገበገባል። ደግመሽ መዝኚ።»

ከዚያ አደግን።
ፋሲሎ አንድ ሱቅ፣ ጎንደር አንድ፣ አዲስ አበባ ሁለት ተከተለ፤
ፋይሉም እንደ አምባዛ እንቁላሉን ጣለ፦
«የሰኔ»፣ «የሰኔ አዲሱ»፣ «የሰኔ የተስተካከለ»፣
«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣
«ይኸኛው ነው የመጨረሻ፤ እናንዬ፣ አትንኪበት»።

ልጅ ሳለን ሲነግሩን፣ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ያልፋል፣
ውኃ ውኃን ሰንጥቆ እንደገባ ይወጣል ይባላል።
በኛ ቤት እውነት ሆነ፤ የጎንደሩ ቁጥር በአንድ በር ገባ፣
በጨረጨራ ወጣ፣ ከኛው ጋር ሳይግባባ።

የዐቢይ ጾም ገና ሁለተኛው ሳምንት፣
ሦስት መቶ ኪሎ ፊሌቶ ሸጥን፤ ሁለት ጊዜ ሸጥነው፣
ለሁለት ሆቴል፣ በአንድ ዕለት።
አንዱ ሆቴል ስብሰባ ነበረው።
ሌላው ጠበቃ ነበረው።

ፎርሙላው አልተሳሳተም። ድምሩ የሚቆመው አራት መቶኛው ረድፍ ላይ ነው፤
ያኔ ስጽፈው፣ አራት መቶ ረድፍ
ዕድሜ ልክ ይበቃል ብዬ ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች፤
«ከቁጥር ጋር ጠብ የለኝም። አንድ ብቻ ይሁንልኝ» አለች።

ሱራፌል የሚባል ልጅ መጣ ከአዲስ አበባ፣
ሲስተሙን በሦስት ወር ተከለው፤ የኔን ዓምዶች እየነቀለ፣
እያንዳንዱን «ይሄ ለምንድን ነው?» እያለ።
መጨረሻው ጥግ ሲደርስ፣
«ይሄ ዳታ አይደለም» አለ።

አሁን ዓሣው ሚዛን ሲወጣ ጎንደር ወዲያው ያውቃል፤
ጎንደር ሲሸጥ መጋዘኑ በዚያው ቅጽበት ይቀንሳል፤
የቫቱ ሒሳብ፣ ሳይጠሩት፣ ከኋላ ይከተላል።
አልዋሽም፣ ደስ ይላል።
ወር ሲዘጋ፣ ዓርብ ማታ፣ ገና ሳይመሽ ቤቴ ነኝ፤
ልጄ እንኳን ደንግጣ
«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

ትናንት ግን አለኸኝ መጣ።
በሩ ላይ ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።
እምቦጭ ነው ዘንድሮ፤
መረቡን ጠቅልሎት፣ ሲጎትት ከነገመዱ በጠሰው።
ቅድሚያ ላስገባለት ስል፣ ሲስተሙ «ምክንያት ይምረጡ» አለኝ፦
ብልሽት። መዘግየት። የዋጋ ልዩነት። ሌላ።
ጉማሬ የለም። እምቦጭ የለም። አራስ ቤት የለም።
«ሌላ»ን ነካሁ።
ሃምሳ ፊደል ሰጠኝ።

የአሥራ አንድ ዓመት ሰው በሃምሳ ፊደል፣ ከነክፍት ቦታው፦
«መረብ የለውም። እናውቀዋለን። ይከፈለው።»
ትርንጎ ስልኳ ላይ አየችው፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ጸደቀ።
አለኸኝ ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ፣ አመስግኖ ወደ ወደቡ ዘለቀ።

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል፣ ከታች በኩል አንድ ነገር በራ፤
ውብዓለም ናት፣ የጎንደሯ ልጅ፤ ባሕር ዳርን ረግጣ የማታውቅ፦
«አለኸኝ ማነው? መረቡን ምን ነካው?»

ስምንት ዓመት በዚያ ጥግ ጽፌያለሁ፤ የጠየቀኝ አልነበረም።
መልስ መጻፍ ጀመርኩ።
ሃምሳው ፊደል አለቀ፣ ጉማሬው ጋ እንኳ ሳልደርስ።
ደወልኩላት።